የአውራ ጣቴ ልክ

ጡረታ ከወጣሁ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አሁንም ቤቴ ውስጥ ንጹሕ ብረት በባዶ እጄ አልነካም። ማንኪያ አጥቤ ሳስቀምጥ እንኳ በጨርቅ ጫፍ ይዤ ነው። ልጄ ታየኝና ትስቃለች። «እማዬ፣ ማንኪያ እኮ ነው፤ የፓምፕ ዕቃ አይደለም» ትለኛለች። ልክ ናት። ነገር ግን ሰው ጡረታ ሲወጣ እጁ አብሮት አይወጣም።

እዚህ ወልቂጤ ያሉ ጎረቤቶቼ «ወርክሾፕ ነበርሽ አሉ፤ ምን ነበር ሥራሽ?» ሲሉኝ መልሱ ያስቸግረኛል። «እቀባ ነበር» ካልኩ ግድግዳ ይመስላቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ፓምፑ ነው የምነግራቸው።

የጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር ረጅም የብረት ዘንግ አለው። ዘንጉ እንዳይወዛወዝ የሚይዘው ነጭ የሴራሚክ ቀለበት ነው፤ እንደ ቡና ሲኒ ያለ፣ ግን እጅግ ጠንካራ። በዘንጉና በቀለበቱ መካከል ስሊቭ የምንለው አጭር የብረት ቱቦ አለ፤ እሱ ዘንጉ ላይ ይለበሳል፣ ቀለበቱም ውስጥ ይሽከረከራል። ውሃ ካለ ውሃው ራሱ ያለሰልሳቸዋል። ፓምፑ ሲነሣ ግን ውሃው እስኪደርስ ድረስ ሁለቱ በደረቁ ይፋተጋሉ። ሴራሚክ ብረትን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። በእኛ አገር ደግሞ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ፓምፑ እንደ አዲስ ይነሣል፤ በቀን አምስት ጊዜም ስድስት ጊዜም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲፋተግ ሰንብቶ አንድ ቀን ይጮኻል፣ ይግላል፣ ቀለበቱ ይሰነጠቃል፣ ዘንጉም ይነክሳል፤ ማለትም ተጣብቆ አልዞርም ይላል። መንደሩ ውሃ አጣ ማለት ነው።

የኔ ሥራ ስሊቩን ፖሊመር ማልበስ ነበር። የማይጣበቀው መጥበሻ ላይ ያለውን ጥቁር ሽፋን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የዚያ ዘመድ ነው። ከወረቀት የቀጠነ ሽፋን ነው፤ እሱ ካለ ብረቱ በደረቁ ጊዜም ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይፋጭም። ያን ስስ ሽፋን ከሃያ ዓመት በላይ ቀብቻለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው።

ወርክሾፑ የገባሁት ቡታጅራ ነው፣ በጽዳት ሠራተኝነት። ባለቤቴ መርካቶ ሱቅ ይሠራ ነበርና የሚመጣው ለመስቀል ብቻ ነው። ሁለቱን ልጆች የማሳድገው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ከተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እገፋለሁ። ልጆቼ ባጃጅ ላይ ሲወጡ «እጃችሁን ወደ ውጭ አታውጡ» ሳልል አልለያቸውም፤ ዛሬ ልጅ የወለደችውን ልጄንም እንዲሁ እላታለሁ። ይህ ፍርሃቴ ሰው ሲያስቅ ነው የኖረው። እንጀራ የሰጠኝ ግን እሱ ነው።

ጋሽ ከማል የወርክሾፑ ቶርኖ ሠራተኛ ነበሩ፤ የመስቃን ሰው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ኮፍያቸው ዘይት ነክቶት የማያውቅ። ብረት ቆርጠው፣ ልከው፣ አለስልሰው ስሊቩን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን የሠራተኛውን ብርጭቆዎች ሳጥብ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«አስካለ፣ ያን ብርጭቆ አጥበሽው አልነበረም?»

«አጥቤዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ደገምሽው?»

አፈርኩ። «ውሃው ሲወርድበት አንድ ቦታ ላይ ሸሸ። ቅባት ቀርቶበታል ብዬ ነው።»

ወደ ቶርኖአቸው ተመለሱ። በሳምንቱ የሽፋኑ ዕቃ ከአዲስ አበባ መጣ፤ የቀለም መርጫው፣ ኮምፕረሰሩ፣ ትልቁ የኤሌክትሪክ ኦቨን። ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ ከወጣቶቹ ማንን እንመድብ ሲሉ፣ ጋሽ ከማል «አስካለን» አሉ።

«ጽዳቷን?» አቶ ደሳለኝ የቀለዱባቸው መስሏቸው ሳቁ። «ጋሽ ከማል፣ ይህ ቴክኒሻን የሚፈልግ ነገር ነው።»

«መርጨቱን በሁለት ሳምንት አስተምራታለሁ። እሷ የምታውቀውን ግን ለነዚህ በሁለት ዓመትም አላስተምራቸውም።»

እንዲህ ሆኖ ጀመርኩ። ወረቀቴ ላይ ግን ለብዙ ዓመት «የጽዳት ሠራተኛ» እንደተባልኩ ቀረሁ፤ ደመወዙም እንደ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አላወራም።

አሠራሩን ልናገር። ስሊቩ ከቶርኖ ሲመጣ ዘይት በዘይት ነው። በቲነር አጥበዋለሁ። ከዚያ ፊቱ በአየር ግፊት በሚነፋ አሸዋ ይመታል፤ ልስልስ ብረት ሽፋን አይይዝምና ዓይን የማያየው ሻካራነት ያስፈልገዋል። እንደገና በቲነር ይታጠባል። ከዚያ የሚመጣው የጋሽ ከማል ልማድ ነው። ከራሳቸውና ከኔ በቀር ማንም የማይነካው አንድ የተጣራ ውሃ ጆግ ነበራቸው። ስሊቩን በጓንት ይዘው ዘንበል ያደርጉና ውሃውን ቀስ አድርገው ያፈሱበታል። ውሃው እንደ ስስ ሻሽ ተዘርግቶ ከለበሰው ብረቱ ንጹሕ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሸሽቶ ጠብታ ጠብታ ከሆነ እዚያ ቅባት አለ፤ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። «እኔ ልዋሽሽ እችላለሁ፤ አንቺም ልትዋሺኝ ትችያለሽ። ውሃ ግን አይዋሽም» ይሉ ነበር።

ውሃው ካለፈ በኋላ ስሊቩ በሙቅ አየር ይደርቃል፣ ሞቅ ይደረጋል፣ ከዚያ ይረጫል። ፖሊመሩ ጣሳው ውስጥ ሲቀመጥ ዱቄቱ ይዘቅጣል፤ በደንብ ካልተማሰለ ከላይ የምትረጪው ውሃው ብቻ ነው። እጅ አይቆምም፤ ከቆመ ይንጠባጠባል። አይፈጥንም፤ ከፈጠነ ይሳሳል። አንድ ጊዜ ስስ፣ ትንሽ ማድረቅ፣ ሁለተኛ ጊዜ ስስ፣ ከዚያ ኦቨን። ኦቨኑ በአንዴ አይግልም፤ ከወጣም በኋላ ዕቃው በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ጋሽ ከማል ኦቨን ፊት ለፊት ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። «ይህ እንደ ሰው ልጅ ነው፤ ስታስደነግጪው ይሰነጠቃል» ይሉኛል። በመጨረሻ ፕላስተር ለጥፎ በኃይል መንቀል ነው። ፕላስተሩ ጥቁር ነገር ይዞ ካልመጣ ሽፋኑ ብረቱን ይዟል።

ሦስት ዓመት ያህል አንድም ሥራ ሳይመለስብኝ ሠራሁ። ኩራቴ ትንሽ አልነበረም። ውጭ ያየሁት ፓምፕ ሁሉ የኔ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

መስቀል ሊሆን ነው። የኛን አገር መስቀል ለማያውቅ፣ ያን ሳምንት አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰው ይሞላል፣ ከብት ይታረዳል፣ የዓመቱ ቅቤ ይወጣል። በዚሁ ሳምንት ወደ ጥያ አቅጣጫ ያለ አንድ መንደር ፓምፑ ነከሰ። እንግዳ በሞላበት ሰዓት ውሃ ጠፋ ማለት ነው። አቶ ደሳለኝ ሰው ላኩብኝ። «በዓል መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አንድ ስሊቭ ብቻ ነው፤ ለሰዎቹ ብለሽ ድረሺ።»

እኔ ከንጋት ጀምሮ ቅቤ ውስጥ ነበርኩ። ቅቤ አጥቤያለሁ፣ ለክትፎው ለይቻለሁ፣ የልጄን ጸጉር ሠርቼ ቀብቻታለሁ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ፣ በአመድም ፈትጌ፣ ሻሼን ቀይሬ ሄድኩ። ጋሽ ከማል ስሊቩን ቶርኖ ላይ ጨርሰው ጠበቁኝ። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ለጁምዓ ሊሄዱ ነው። ከበር ተመልሰው «ውሃውን አትርሺ» አሉኝ።

አልረሳሁም። አጠብኩ፣ በአሸዋ መታሁ፣ አጠብኩ፣ ከጆጉ አፈሰስኩ። ውሃው እንደ ሻሽ ተዘርግቶ ወረደ። አደረቅኩት።

እዚያ ላይ ነበር መርጨት የነበረብኝ። ያ ፍርሃቴ ግን መጣ። አንድ ጎኑ ላይ አሸዋው በደንብ የመታው አልመስል አለኝ። በጓንት ዳሰስኩት፤ ጓንት ምኑን ይነግራል? ጓንቴን አወለቅኩና በአውራ ጣቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አደረግኩት። ሻካራ ነው፤ ጥሩ ነው፤ ልቤ ዐረፈ። ጓንቴን መልሼ አጠለቅኩና ረጨሁ።

ብዙ ሰው ቸኩሎ ነው የሚሳሳተው። እኔ አብዝቼ ተጠንቅቄ ተሳሳትኩ።

ሲጋገር ያው ጥቁር፣ ያው ውብ ሆኖ ወጣ። ፕላስተሩን የለጠፍኩት በሌላው ጎን ነበር፤ አለፈ። ገጣጣሚያችን ነስሩ በዚያው ቀን ወስዶ ገጠመው። ውሃ መጣ። መንደሩ እልል አለ ተባለ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ በዓሌን አከበርኩ።

በአምስተኛው ቀን ፓምፑ እንደገና ነከሰ። ቀለበቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ሞተሩም ሊቃጠል ትንሽ ቀርቶታል። ነስሩ ፈትቶ አመጣውና አቶ ደሳለኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሁላችንም ተሰብስበናል።

አቶ ደሳለኝ ስሊቩን በእስክሪብቶ ጫፍ ገለበጡት። «ሽፋኑ ተገሽልጧል። ስትገጥም በመዶሻ መትተኸዋል።»

«ወላሂ በመዶሻ አልነካሁትም!»

«ታዲያ ራሱን መታ?»

«ጋሽ ደሳለኝ፣ እንጨት አድርጌ በእጄ ነው የገፋሁት። መንደርተኛው ቆሞ ሲያይ ነበር፤ ይጠየቅ።»

«መንደርተኛው ስለ ስሊቭ ምን ያውቃል? ለበዓል ቸኩለሃል።»

«መስቀል የኔ በዓል ነው እንዴ?» አለ ነስሩ፤ ሰውም ሳቀ። አቶ ደሳለኝ ግን አልሳቁም። ነገ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ፣ ካልሆነ ከሥራ እንደሚታገድ ነገሩት። ነስሩ ካገባ ዓመት አልሞላውም፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሰው ሲበተን እኔ ስሊቩን ላጥብ ብዬ አነሣሁት። ሽፋኑ የተገሸለጠበትን ቦታ በጨርቅ ጠርጌ አየሁት። ዳር ዳሩ በፍጭቱ ተቦጫጭሯል፤ መሐሉ ላይ ግን ሞላላ፣ ጥርት ያለ፣ ራቁቱን የቀረ ብረት አለ። አውራ ጣቴን አስጠጋሁት። ልኩ ነው።

ማንም አላየም። ይህን የሚያውቅ እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን። ስሊቩን በሽርጤ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩት። የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ኮንትራት ሠራተኛ ነኝ፣ የትምህርት ወረቀት የለኝም፣ ሁለት ልጅ አለኝ። ብናገር መጥረጊያውንም ላላገኘው ነው። ለራሴም «ምናልባት እውነትም መዶሻ ይሆናል» አልኩት። ጣቴ ግን ሞላላው ላይ ልክ ይገባ ነበር፤ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ሁልጊዜ ይገባል።

በነጋታው ወርክሾፕ ስደርስ ነስሩ በር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ገርጥቷል። ቢሆንም ተነሣና «እቴ አስካለ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላለም። በቀጥታ ወደ ጋሽ ከማል ሄጄ ስሊቩን ቶርኖው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ይህ የኔ ጣት ነው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ስሊቩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እጄን ይዘው አውራ ጣቴን ሞላላው ላይ አሳረፉት። ቶርኖውን አጠፉ።

«ውሃውን አላፈሰስሽም?»

«አፍስሻለሁ። ከውሃው በኋላ ነው የነካሁት።»

«ታጥበሽ አልነበረም?»

«ሦስት ጊዜ። ግን ከንጋት ጀምሮ ቅቤ ሳጥብ ነበር። ጣቴ ጠጥቶታል መሰለኝ።»

ስሊቩን ጨርቅ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «ለማን ነገርሽ?» አሉኝ።

«ለማንም።»

«ታዲያ ማን አስገደደሽ?»

«ነስሩ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም። ሰላም አለኝ።»

ጋሽ ከማል ተነሥተው ከፊቴ ቀድመው አቶ ደሳለኝ ቢሮ ገቡ። አቶ ደሳለኝ ነገሩን ሲሰሙ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «እኔ ቀድሜ ተናግሬ ነበር! ትምህርት የሌለው ሰው አይሆንም ብዬ!»

«ትምህርት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ» አሉ ጋሽ ከማል ረጋ ብለው፣ «ዛሬ ነስሩን አባረን፣ ሌላ ስሊቭ ቀብተን፣ እሱም ተገሽልጦ ነበር። አቶ ደሳለኝ፣ የሚያስፈራዎት ጥፋቷን ራሷ ይዛ የመጣችው ሠራተኛ ናት ወይስ የምትደብቀው?»

አቶ ደሳለኝ ነስሩን አስጠሩት። በዚያው ሰዓት ወደ ሥራው ተመለሰ። በኔ ላይ የተወሰነው፣ አዲሱን ስሊቭ ጋሽ ከማል አጠገቤ ቆመው እኔው እንድቀባው፣ ከነስሩ ጋር መንደሩ ድረስ ሄጄ እንድቆም፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር መርጫውን እንዳልነካ ነው። «ያበላሸ ያብጅ» አሉ ጋሽ ከማል።

ያን ስሊቭ እየተንቀጠቀጥኩ ቀባሁት። ጋሽ ከማል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ከመጋገሩ በፊት በመርፌ ጫፍ የስሊቩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ትንሽ «አ» ጫርኩ።

«ይህ ምንድነው?»

«ስሜ ነው። እንግዲህ ጥፋት ቢኖር ሌላ ሰው እንዳይጠየቅበት።»

ጋሽ ከማል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ የወጣ ስሊቭ ሁሉ ያቺን «አ» ይዞ ነው የሄደው።

መንደሩ ስንደርስ ሴቶቹ ከወንዝ እየመጡ ነው። ጀሪካን ከጀርባቸው፣ ላብ ከፊታቸው። ለበዓል የመጡት እንግዶች ግማሾቹ ውሃ በማጣት ቀደም ብለው ተመልሰዋል። ይህን ስሰማ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ነስሩ ወደ ፓምፑ ሲሄድ እኔ የተሰበሰቡት ሴቶች ፊት ቆምኩና በኔ ጥፋት እንደሆነ፣ ቅቤ በነካው ጣቴ እንደዳሰስኩት ተናገርኩ።  ከዚያ እማማ ደስታ የሚባሉ ጥርሳቸው የረገፈ ባልቴት ጀሪካናቸውን አወረዱ።

«ቅቤ ነው አልሽኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ወይ ጉድ! ፓምፑም መስቀል አማረው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁ ሲጀምር እኔ አለቀስኩ። እማማ ደስታ ግን ቀልደው ብቻ አልተውኝም። ጣታቸውን ቀስረው «ስሚ ልጄ፣ ስቀናል ብለሽ ቀላል እንዳይመስልሽ። ይህ ወገቤ ነው ሁለት ቀን የተሸከመው። ዳግመኛ ከመጣሽ ለጥጋብ ነይ፣ ለይቅርታ አትምጪ» አሉኝ። ይህን ቃል እስከ ጡረታዬ ተሸክሜዋለሁ። ፓምፑ ያን ቀን ተነሣ። ዳግመኛ ለይቅርታ አልሄድኩም።

ሁለቱን ወር ጠረግኩ። ስመለስ ጋሽ ከማል አንድ ደንብ አውጥተው ጠበቁኝ፤ በመስቀል ሳምንትና በአረፋ ሳምንት ሽፋን አይቀባም። ቶርኖ ይሠራል፣ አሸዋ ይነፋል፣ መለዋወጫ ይደረደራል፤ መርጫው ግን ይቆለፋል። ለድንገተኛ ደግሞ ከበዓሉ በፊት የተቀቡ ስሊቮች መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ሠራተኛው «የአስካለ ሱባኤ» አለው። በዓል ሲደርስ ነስሩ «እቴ አስካለ፣ ፓምፑ መስቀል አማረው ወይ?» ይለኛል። መጀመሪያ ያመኝ ነበር፤ ኋላ እኔም መልስ አገኘሁ፤ «አማረው፣ አንተ ጥራው!»

ከዓመታት በኋላ ሥራው ሲሰፋ ወደ ወልቂጤው ወርክሾፕ ተዛወርኩ፤ ደንቡንም ይዤው ሄድኩ። ጋሽ ከማል በሄድኩ ዕለት ጆጋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ለራስዎ አዲስ ይግዙ» አልኳቸው። አሁን አርጅተዋል፤ ቡታጅራ ቤታቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል።

ወልቂጤ ብዙ ኃላፊ አየሁ። የመጨረሻዋ ኢንጂነር ሐያት ናት፤ በዕድሜ ከልጄ ታንሳለች። እንደመጣች የሥራ ዕቅዱን አይታ ጠራችኝ።

«እማማ አስካለ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት መርጫው የሚቆለፈው ለምንድነው?»

ነገርኳት። ፈገግ አለች፤ በንቀት አልነበረም። «ጓንት ካለ እኮ በቂ ነው። ሱባኤ ምን አስፈለገ?»

«ጓንቱን የሚያጠልቀው ባዶ እጅ ነው፣ ልጄ። ሻሹን የሚያስተካክለውም፣ ላቡን የሚጠርገውም እጅ ነው።»

«ሰው ይታጠባል።»

«እንግዲያው አረፋ ሲመጣ እንሞክር።»

አረፋ ሲያልፍ ሐያት በማግሥቱ ሥራ ገባች። በሳሙና ሁለት ጊዜ እንድትታጠብ አደረግኩ። አንድ የጸዳ ቁራጭ ብረት ሰጥቼ በጣቷ ሳብ አስደረግኳትና የጋሽ ከማልን ጆግ አነሣሁ። ውሃው ብረቱን እንደ ሻሽ አለበሰው፤ ጣቷ ያለፈበት መሥመር ላይ ሲደርስ ግን ሸሸ። ጠብታ ጠብታ ሆኖ ቆመ።

ሐያት ጣቷን አሸተተች። «ሱብሓነላህ! ትናንት የእናቴን ጸጉር ቅቤ ቀብቼ ነበር።»

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣች። በሳምንቱ ደንቡ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ከመርጫው በላይ ተለጠፈ። ከሥሩ ደግሞ «ቅቤ የነካው ምግብ ወደ ሽፋን ክፍሉ ግቢ አይገባም» የሚል ጨመረችበት። የኔን የሥራ መደብ ወረቀትም ያስተካከለችው እሷ ናት። ከጡረታዬ በፊት ባሉት ዓመታት ወረቀቴ ላይ «የሽፋን ባለሙያ» ይል ነበር። ያን ወረቀት ልጆቼ መስተዋት ውስጥ አድርገውልኛል። አቧራ እንዳይገባበት ከኋላው በፕላስተር ያሸግኩት ግን እኔ ነኝ።

የስንብቴ ቀን ሠራተኛው ክትፎ አዘጋጀልኝ። የኔ ስንብት ነው፤ ነገር ግን በራሴ ደንብ ክትፎው ግቢ አልገባ አለ። ዘበኛው «ትእዛዝ ነው» ብሎ የክትፎውን ጣባ በር ላይ መለሰው። ስለዚህ አስፋልቱን ተሻግረን ከፊት ለፊት ያለ ክትፎ ቤት ውስጥ ተሰናበትን። ወርክሾፑ በመስኮት ይታየኛል፤ ቆቾ በእጄ ይዣለሁ፤ ጣቶቼ በቅቤ ርሰዋል።

ነስሩ ከቡታጅራ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ያኔ በማሕፀን የነበረችው ልጁ ራሷ አግብታለች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከፊቴ አስቀመጠ።

«ከጋሽ ከማል ነው።»

ስፈታው ሁለት ስሊቭ ናቸው። አንዱን ወዲያው አወቅኩት፤ የተቦጫጨረው፣ ሞላላው ያለበት። ጋሽ ከማል ይህን ሁሉ ዓመት አስቀምጠውት ኖሯል።

«ሁለተኛውስ?»

«የእማማ ደስታ መንደር» አለ ነስሩ። «አሁን በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ገባላቸው። አሮጌውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቀለበት አልተቀየረም፤ ስሊቩም ያው ነው። ውስጡን እይው።»

ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ጠርዙ ላይ ትንሽዋ «አ» አለች፤ እየተንቀጠቀጥኩ የጫርኳት ናትና ትንሽ ጠመም ብላለች። ሽፋኑ ሳስቷል፣ ጥቁርነቱ ወደ አመድነት ሄዷል፤ ግን ዙሪያውን አለ። የተገሸለጠ ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

«ጋሽ ከማል ምን አሉ?»

«አያዩም እኮ አሁን። ውሃ አስመጥተው አፈሰሱበትና በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ 'ለቀባችው አድርስላት' አሉኝ።»

እኔም አውራ ጣቴን አነሣሁ። የክትፎው ቅቤ እንዳለበት፣ ሳልጠርገው፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ድረስ ሽፋኑን ዳሰስኩት። ጣቴ ተንሸራተተ።

ከጠረጴዛው ማዶ ሐያት ከወንበሯ ብድግ አለች። «እማማ! ጓንት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ዘግይታ ሳቀች።

«ተይኝ ልጄ» አልኳት። «ይህስ ሥራውን ጨርሷል።»